ያለ ጨው የወፈርኩበት ዓመት

ሚስቴ ሌላ ሴት ቤት ይበላል ብላ በሽማግሌ ፊት ከሰሰችኝ። ሌላ ሴት የለችኝም፤ ኖራኝም አታውቅም።

ሰበታ የአንድ ፋብሪካ ዘበኛ ነኝ፤ ቤቴ ፉሪ ነው። ጤና ጣቢያ ግፊት አለብህ፣ ክብደትህን ቀንስ፣ ጨውና ስኳር ተው አሉኝ። ሚስቴ የቤቱን ጨውም ስኳርም ለጎረቤት ሰጠች። እሷ ጤነኛ ሆና ጨው የሌለውን ሽሮ አብራኝ በላች፤ ይህን አልክድባትም። እኔ ግን ወፈርኩ። ግፊቱም ባሰ። ነርሷ ተደብቀህ ትበላለህ አለችኝ። የት እንደምበላ ሚስቴ ራሷ ወሰነችው።

ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ተቀመጡ። በዕድሜ የሚበልጠው ሽማግሌ ቀበቶዬን አየት አደረገና፣ «ኦቦ፣ ሆድህ ቆሞ እየመሰከረብህ ሌላ ምስክር ምን ያደርጋል?» አለኝ። ተሳቀብኝ። ቀጠሮ ጠየቅሁ።

ቡራዩ ያገባችውን ልጃችንን ጠርቼ ጓዳውን አስፈተሽኳት። የሾርባ ቅመም ዱቄት በፓኬት ተገኘ፤ እናቷ ሽሮው ላይ ስትነሰንሰው ከርማለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። በአማርኛ የተጻፈውን አነበብኩት፤ ጣፋጭ ነው ይላል፣ በቃ። ከጀርባው ያለው እንግሊዝኛ ነው፣ የጤፍ ፍሬ ያክላል። ልጄ አነበበችው፤ መጀመሪያ የተጻፈው ጨው ነው። ሥራ ቦታ የምበላውን ብስኩትና የምጠጣውን የታሸገ ጭማቂም አነበበችልኝ፤ ስኳር ነው። የጾም ስለሚል ቀላል መስሎኝ ነበር።

በቀጠሮው ሁሉንም ፓኬት ሽማግሌዎቹ ፊት ዘረገፍኩ። ብስኩቱን የገዛሁት እኔ ነኝ አልኩ፤ የሰማኝ የለም። ሁሉም ያየው ዱቄቱን ነው። ነጻ ነህ ተባልኩ። ሚስቴ ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«እንዲጣፍጥህ ብዬ ነው» አለች። «አንተ ከውሽማ ለመንጻት እኔን መርዝ አብሳይ አደረግኸኝ።»

ወሬው የውሃ ወረፋው ላይ ደረሰ። ሴቶቹ ባሏን በዱቄት ልትገድል ነበር እያሉ ተሳለቁባት። ልብሷን ጠቅልላ ሱሉልታ ወንድሟ ቤት ገባች። ሽማግሌ ላክሁ፤ መለሰቻቸው። እኔም ሄድኩ፤ በሩን የከፈተው ወንድሟ ነው፣ እሷ አልወጣችም።

አሁን ማታ የሚያበስልልኝ የለም። ብስኩቱን እበላለሁ፤ ምን እንዳለበት አውቄ እበላለሁ። አልከሳሁም።

በመጨረሻ በሽማግሌ የቤት ዕቃ ተካፍለን የተፋታነው ሱሉልታ፣ ወንድሟ ግቢ ውስጥ፣ ጥር ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት ነው።