ፍሬና ጠጠር

አዛዡ ደፉ ላይ ቆሟል፤ ጠባቂው ከኋላው፣ አፍንጫውን በሻርፕ ሸፍኖ። ከውኃው በርሜል አጠገብ ከቶጎጫሌ የመጡት ሻይ ሻጭ ተቀምጠዋል፤ በዕድሜ ስለሚበልጡን በሶማልኛ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ እንላቸዋለን። መሃል ወለሉ ላይ የጤና ባለሙያዋ ተንበርክካለች። እኔ ከግድግዳው ሥር፣ በሠርጓ ሰሞን ታስራ የታመመች ሙሽራ ራስ ጭኔ ላይ። ሌሎቹ ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተው ተኝተዋል። ጅጅጋ ውስጥ፣ አንድ የእስር ክፍል ነው።

እኔን ያሰሩኝ ስለ ወንድሜ የማላውቀውን እንድናገር ነው። ባለሙያዋን ያሳሰራት ግምት ነበር። የተቅማጥ ወረርሽኝ በየወረዳው ሲነሳ የመንግሥት ሪፖርት የያዘው ጤና ጣቢያ የደረሱትን ታማሚዎች ብቻ ነው። እሷ ያልደረሱትንም በስሌት ገምታ በስብሰባ ላይ ተናገረች።

አሁን በሽታው እኛ ዘንድ ገባ። የታመመ ወደ ሌላ ቤት ይወሰዳል፣ ከዚያም አይመለስም ስለተባለ ሁሉም ሕመሙን ደበቀ። ጠዋት ባለሙያዋ ልትቆጥረን ስትነሳ ኤዶ ከለከሏት።

«ሰው አይቆጠርም። የተቆጠረ ይጎድላል።»

አልተከራከረችም። ማታ ካፈጠርንበት ተምር የተረፈውን የውስጥ ፍሬ ሰበሰበች፤ ጠጠርም ለቀመች። ያመማት ፍሬ፣ ያላመማት ጠጠር፣ እጇን በሻሽ ሸፍና አንድ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንድትጥል ነገረችን። ማን ምን እንደጣለ አይታይም። ፍሬ መቁጠር ሰው መቁጠር አይደለም ብለው ኤዶ ፈቀዱ። ማንቆርቆሪያው ሲገለበጥ ፍሬው ከጠበቅነው በዛ።

አዛዡ መጥቶ ደፉ ላይ ቆሞ የታመመ አለ ወይ ሲል ሴቶቹ ደህና ነን አሉ። ባለሙያዋ ፍሬዎቹን ደረደረች። አንዷ የታመመች በዚህች የጋራ ጣሳ ሁለት ብታሳምም፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለች ሄደች። ፍሬው ሲያልቅ በከሰል ነጥብ ቀጠለች፤ ረድፉ ደፉ ጋ ደረሰ። ውኃ የምናፈላበት ማገዶ፣ ለታመሙት ጨውና ስኳር፣ ለየራሳችንም መጠጫ ከተሰጠን ግን እዚህ ይቆማል ብላ በጣቷ መሃሉን ቆረጠችው።

«ይሄ ግምት ነው» አላት።

«ግምት ነው። ብሳሳት የሚባክነው ማገዶ ነው።»

ኤዶ ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ እሱን ረሳሽው። የሚጠጣው ከዚሁ በርሜል ነው።»

አዛዡ ጎንበስ አለና አንድ ፍሬ አንስቶ ከደፉ ወዲያ፣ ጫማው አጠገብ አኖረ። ጠባቂው አየው። ሻርፑን ከአፍንጫው አወረደና እሱም አንድ ጨመረ።

በዚያው ቀን ማገዶ፣ ጨውና ስኳር መጣ። ሙሽራይቱ ሰንብታ ቁጭ አለች፤ ጸጉሯን ጎነጎንኩላት። ለየራሳችን በተሰጠን ቆርቆሮ ስንጠጣ ኤዶ እንደ ሻይ ደንበኞቻቸው ቆጥረውን «ስኳር ይጨመር?» ይሉን ነበር።

ዛሬም ሬዲዮ የታማሚ ቁጥር ሲያነብ፣ ጤና ጣቢያ ያልደረሱትን አስባለሁ።

ልፈታ ስጠራ ባለሙያዋ ገና እዚያው ነበረች። ኤዶ መረቁኝ፤ ከማንቆርቆሪያው አንድ ጠጠር አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩ። ጨብጬው ወጣሁ።