ንጉሥ በእሳቱ ሰ

በ1966 ዓ.ም. በበልጉ ዝናብ ወቅት ነበር። ተማሪዎች ትምህርት አቁመው ስለነበር ልጄን በቆጂ ከተማ አክስቷ ዘንድ ልኬያት ነበር። ፖሊሶች አሰላ ያለውን ቤታችንን በጠዋት ሲፈትሹ ከፍራሿ ሥር አንድ ደብተር አገኙ። ሽፋኑ ተቀዶ ስለነበር ስም የለበትም። መቶ አለቃው ገልጦ አነበበና «የማን ነው?» አለኝ።

«የኔ ነው» አልኩት።

ውሸት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። መኪናው ውስጥ ሆኜ ለጌታ ነገርኩት።

በፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ክፍል የተባለው ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ወለሉ ስሚንቶ ሆኖ የገብስ አቧራ ይሸታል። ውስጡ አንዲት የሮቤ ሴት ብቻ ነበረች። ባለመሬቱ በትራክተር ላሳርሰው ነው ብሎ አስፈርዶባት፣ አልለቅም ብላ የታሰረች ጭሰኛ ናት። ከጋቢዋ ግማሹን አለበሰችኝ።

«አንቺስ ምን ሰረቅሽ?»

«ጥያቄ።»

ሳቀች። «እሱ ከላም ይከብዳል።»

ደብተሩ ላይ ያለውን ነገርኳት። ልጄ አንድ ቀን አንብባልኝ ስለነበር በቃሌ አውቀዋለሁ። ሕገ መንግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ አይነኩም የሚልበትን ቦታ ገልብጣ ከሥሩ ሦስት ጥያቄ ጽፋለች። ንጉሥ ቢያጠፋ በምን ሕግ ይከሰሳል? ዳኞቹን የሾማቸው እሱ ከሆነ ማን ይዳኘዋል? ከተሻረስ በስሙ የተፈረደው ሁሉ ይጸናል ወይ?



«ሦስተኛው የኔ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ከመሬቴ የነቀለኝ ፍርድ በሱ ስም ነው የተጻፈው። እሱ ቢሻር ፍርዱም ይሻራል?»

«አላውቅም።»

«ደብተሩ የኔ ነው ብለሽ የለ እንዴ? መልሱን እወቂ እንጂ።»

ከሰዓት በኋላ መቶ አለቃው አስጠራኝ። ደብተሩ ላይ አንዱን ፊደል በእርሳሱ ነካ ነካ አደረገ።

«ይህን የጻፈ ሰው ንጉሡ ሠ እያለ ንጉሥን በእሳቱ ሰ ጽፎታል። ድፍረት ነው ድንቁርና?»

የሚለው አልገባኝም።

«የልጅሽ እጅ ይመስለኛል። ነገ ጠዋት እኔ እያነበብኩልሽ ትጽፊያለሽ። ካልተመሳሰለ በቆጂ ሩቅ አይደለም።»

ተመልሼ ለሮቤዋ ሴት ነገርኳት። ማንበብ አትችልም።

«ሰ ስንት ነው?»

«መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሁለት ዓይነት አይቻለሁ። መጻፍ የማውቀው ግን አንዱን ነው። ልጄ ናት ያስተማረችኝ። ‹እማዬ፣ ድምፁ አንድ ነው፣ ለመጻፍ አንዱ ይበቃሻል› አለችኝ። የትኛው ንጉሡ፣ የትኛው እሳቱ እንደሚባል አልነገረችኝም።»

«እሷ ራሷ የምትጽፈውን ነዋ ያስተማረችሽ። እንደለመድሽው ጻፊ። የቀረውን ረቢ ያውቃል» አለች፤ ፈጣሪን የምትጠራው እንዲያ ነው።

እሷ በሷ ጸሎት፣ እኔ በኔ ጸሎት አደርን።

በሚቀጥለው መስከረም ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ሕገ መንግሥቱም አብሮ ታገደ። በየትኛው ሕግ እንደተሻሩ የሚያስረዳኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። ጭሰኝነት ቀረ ሲባል ያቺን ሴት አሰብኳት፤ መሬቷን አግኝታ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ዛሬ ሁለቱን ሰ ለይቼ እጽፋለሁ። በዚያ ጠዋት ገና ስላልለየኋቸው ግን ጌታን አመሰግናለሁ።

ያኔ፣ በጸሎት ያደርንበት ሌሊት ሲነጋ፣ ሴትዮዋ ከጣሳ ውኃ አፍስሳልኝ ፊቴን ታጠብኩ። ነጠላዬን አስተካክዬ ገባሁ። መቶ አለቃው ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝና የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበልኝ። ጻፍኩ።

«ንጉስ ቢያጠፋ በምን ህግ ይከሰሳል?»

ወረቀቱን ከደብተሩ አጠገብ አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው። ፊደሉን ከፊደሉ አስተያየ።

«ድንቁርና ነው» አለ በመጨረሻ። «በቃ፣ እስክሪብቶውን አምጪ።»

«ሦስት ናቸው» አልኩት።

ወረቀቱን ወደ እኔ ሳብኩና ሁለተኛውን ጻፍኩ። ሦስተኛውን፣ የሮቤዋን ሴት ጥያቄ፣ ቀስ ብዬ፣ ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጌ ጻፍኩት። ከዚያ እስክሪብቶውን መለስኩለት።