ከአማቴ ጋር ከተርሚናል ወደ ተርሚናል

አማቴ ጁባ አየር ማረፊያ፣ ከዓለም አቀፉ ተርሚናል በር ብቅ ሲሉ የያዙትን ጓዝ አይቼ፣ አዲስ አበባ ባዶዋን ቀርታለች ብዬ ደነገጥኩ። እሳቸው አይታዩም። የሚታየው በገዛ እግሩ የሚሄድ የሻንጣ ተራራ ነው፤ ከተራራው ጀርባ «ጌታ ይባረክ! ጌታ ይባረክ!» የሚል ድምፅ ይመጣል።

«እማማ፣ ይሄ ሁሉ ምንድነው?» አልኩ ጉንጫቸውን እየሳምኩ።

«የእኔ ትንሽ ናት። ሌላው አደራ ነው።»

አደራ የሚለውን ስሰማ ሻንጣዎቹን መቁጠር ጀመርኩ። እዚህ የምንኖር ሐበሾች እናውቀዋለን። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው ከተባለ የሰፈሩ እናት ሁሉ ፌስታል ይዛ በሩ ላይ ትሰለፋለች። ሽሮ ለልጄ፣ በርበሬ ለእህቴ፣ በሶ ለወንድሜ። እምቢ ማለት የሚባል ነገር የለም። እኔ ራሴ አንዴ ስመለስ ከሻንጣዬ ውስጥ የእኔ የነበረው ካልሲ ብቻ ነው።

የጁባዎቹ አደራ ተቀባዮች አማቴን በሩ ላይ ከበቧቸው። እሳቸው ደግሞ ዝም ብለው አይሰጡም። ከእያንዳንዱ እሽግ ጋር ሰላምታ አለ፤ ሰላምታውም ከእናትየው አፍ እንደወጣ፣ ከነሳጉ ከነእንባው ነው የሚደርሰው። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ እሳቸው ያለቅሳሉ።

አማቴ የመጡት እኔን ብለው አይደለም። የሚስቴ ታናሽ እህት ዋው ከተማ የበኩር ልጇን ወልዳለች። ባሏ ለሥራ ገጠር ወጥቶ ዝናብ መንገዱን ቆርጦበታል። ልጁ ጡት አልይዝ ብሎ እናትና ልጅ አብረው ሲያለቅሱ ነው የከረሙት፤ ስትደውል የትኛው የማን ለቅሶ እንደሆነ አይለይም። ወደ ዋው የምትሄደው ትንሽ አውሮፕላን ዛሬ ካመለጠች ሌላዋ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አትላባራ ሰፈር ካለው ቤታችን ስወጣ ሚስቴ «እናቴን ሳታሳፍር እንዳትመጣ» ብላኛለች። ሳትስቅ ነው ያለችው።

«በል ወደ አገር ውስጡ ተርሚናል ውሰደኝ» አሉ አማቴ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «የሚሄደው ወለል የት አለ? ቦሌ እኮ ቆመህ ይወስድሃል።»

«እማማ፣ እዚህ ወለሉ አይሄድም። የምንሄደው እኛ ነን።»

የቀለድኩ መሰላቸው እንጂ የእውነቴን ነበር። የትልቅ ሰው አውሮፕላን ሊያርፍ ነው ተብሎ መንገዱ ተዘግቷል። መንገዱን የሚጠብቀውን ወታደር መኪናዬን እንዲያሳልፍልኝ ለመንኩት።

«ካላስ! በቃ፣ መኪና የለም» አለኝ።

«እግርስ?»

«እግር? ማፊ ሙሽኪላ!»

እግር ችግር የለበትም። ወታደሩ ይህን ሲፈርድ የእኔን እግር አላየውም። ካስተም ገበያ ባለው የጄኔሬተር መለዋወጫ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ስንት ዓመት ሙሉ ከወንበር ወደ ወንበር ብቻ ያሻገረኝ እግር ነው።

ትልቁን ሻንጣ መጎተት ጀመርኩ። ጎማው ጠጠሩን ሲያይ ሥራውን ለቀቀ። አንሥቼ ጭንቅላቴ ላይ ጫንኩት። ፀሐይዋ ሻንጣውን አልፋ አናቴን አገኘችው፤ ላቤ በጀርባዬ ወርዶ ጫማዬ ውስጥ እንደ ኩሬ ይንቦጫረቃል። በአጠገባችን የእህል ጆንያ የጫነ ከባድ መኪና ሳይንቀሳቀስ ቆሟል፤ ሾፌሩ ከላይ ሆኖ «ሐበሻ! ቤቱን ነቅለህ ነው የመጣኸው?» ብሎ በአረብኛ ጮኸብኝ።

አማቴ ግን! ማዳበሪያውን በጀርባቸው አዝለው፣ ቅቤ የሞላ ጀሪካን አንጠልጥለው፣ ከፊቴ እንደ ሚዳቋ ይሄዳሉ። አራስ ልጃቸው ከመንገዱ ጫፍ የቆመች ነው የሚመስለው። ከኋላቸው እየተንገዳገድኩ ስከተል፣ ከገበያ ገዝተው የሚነዱኝ በግ እንጂ አማቻቸው አልመስልም።

«በርታ ልጄ! ወጣት አይደለህ?»

ሃምሳ ሊሞላኝ ነው። ግን ወጣት ያለኝ ስለሌለ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

የአገር ውስጡ ተርሚናል ስንገባ አንድ ነገር ብቻ ነው ያየሁት፦ ሚዛን። ካስተም ሽንኩርት በጅምላ የሚመዘንበት ዓይነት፣ መሬት ላይ የተዘረጋ። ከሚዛኑ ጀርባ ጣሪያውን ደግፎ የያዘ የሚመስል ረጅም ወጣት ቆሟል። ጓዙን ጭኖ ተመለከተና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ትርፍ አለ።

እዚህ ላይ ብልህነቴ መጣ። ወጣቱ ፊት ቆሜ፣ ድምፄን እንኳ ሳልቀንስ፣ በአማርኛ «እማማ፣ መጸዳጃ ቤት ይግቡና ቀሚሶቹን ሁሉ ደርበው ይልበሷቸው። ሻንጣው ይቀላል። ይሄ ቀውላላ ምን ያውቃል?» አልኳቸው።

ገቡ። ሲመለሱ ደመራ አክለዋል። እጃቸው ወደ ጎን ተዘርግቶ ቀርቷል፤ መታጠፍ አልቻለም።

ወጣቱ በትሕትና ጎንበስ አለ። «እማማ» አለ፣ እኔ እንኳ በማልችለው ጥርት ያለ አማርኛ፣ «በዚች አውሮፕላን ሰውም ይመዘናል። ከነቀሚሱ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ቀውላላው ደግሞ ጋምቤላ ተወልዶ ኮልፌ ነው ያደገው፣ ጋሼ።»

ክው አልኩ። ይህ ሽበቴ የዚያን ቀን የበቀለ ነው፤ ሚስቴ የቆየ ነው ትላለች፣ አትስሟት።

አማቴ ግን ደስታቸው ጣሪያ ነካ። «ኮልፌ! የት ጋ ልጄ? ቤተ ክርስቲያንህስ?»

«እማማ፣ አውሮፕላኗ!» ብዬ ጮህኩ።

«እሺ፣ እኔን የምትመዝነኝ ሽንኩርት ነኝ?» እያሉ ወጡበት። ቁጥሩን ሳየው እንደገና ደነገጥኩ። ወጣቱ ከልቡ አዘነ። «እማማ፣ ትንሽ አውሮፕላን ናት። እኔ እሺ ብል አብራሪው አይነሣም። ወይ ዕቃ ይቀንሱ፣ ወይ የሚቀጥለው ሳምንት።»

ወለሉ ላይ ሁሉንም ዘረገፍነው። ደርበው የለበሷቸውን ቀሚሶች አውልቀው ሰጡኝ። ቅያሪ ጫማቸውን ጨመሩ። አሁንም ትርፍ አለ። የቀረው የአራሷ ዕቃ ነው፦ ንጥር ቅቤው፣ የአጥሚት ዱቄቱ፣ የሕፃኑ ልብስ። ከእሱ ጎን አንድ ጥቅል አለ፤ ወፍራም ጋቢና የሽሮ ከረጢት።

«ይሄስ የማን ነው?»

«ዋው ጋራዥ የሚሠራ ልጅ አለ። እናቱ ናት የላከችለት።»

«ያውቁታል?»

«እሱን አላውቀውም። እናቱን ቤተ ክርስቲያን አይቻታለሁ።»

ነገሩ አለቀ ብዬ ተነፈስኩ። «ጋቢ! እማማ፣ ዋው እኮ ዶሮዋ ላባዋን አውልቃ ነው የምትተኛው። ይሄን እኔ ጋ ይተዉት፣ ሌላ ሰው ሲሄድ እልከዋለሁ።»

አማቴ ጀሪካኑን አነሡና እቅፌ ውስጥ አስቀመጡት። ቀጥሎ የአጥሚቱን ዱቄት ከላዩ ደረቡበት። ጋቢውን አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ።

በሕይወቴ ብዙ ደንግጫለሁ። ጥይት ሲተኮስም፣ ሚስቴ ስልኬን ስታነሣም ደንግጫለሁ። እንደዚያ ግን ደንግጬ አላውቅም።

«እማማ! የአራሷን ቅቤ?»

«እናቱ በገዛ እጇ ፈትላ ነው ያሠራችው። በእጁ አስረክበዋለሁ ብያታለሁ።»

«እኔ አስረክበዋለሁ እያልኩ!»

«የሰጠችው ለእኔ ነው። ለአንተ አይደለም።»

«ልጅዎስ?»

«ልጄማ እናቷ እየመጣችላት ነው። እሱ ማን መጣለት?» ብለው ገላመጡኝ። «ቅቤ ከሆነ ደግሞ፣ ላም የሌለበት አገር ነው እንዴ ያለነው?»

ወጣቱ ሳቀ። «እሱስ እውነታቸውን ነው፣ ጋሼ።»

ሚዛኑ ላይ ወጡ። ወጣቱ አየ፣ ራሱን ከፍ ዝቅ አደረገ። አማቴ የማያውቁትን ሰው ጋቢ ለብሰው፣ በዚያ ሙቀት፣ ወደ ትንሿ አውሮፕላን ሲራመዱ ከአጥሩ ኋላ ቆሜ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

መንገዱ አልተከፈተም። ቅቤዬን ታቅፌ ሻይ የምትሸጥ ሴት ጥላ ሥር ተቀመጥኩ፤ እስኪከፈት ጢሜ አደገ። በመጨረሻ ስልኬ ጮኸ። የሚስቴ እህት ናት፤ ከኋላዋ ሕፃኑ ሳንባው እስኪወጣ ይጮኻል።

«ጋሼ፣ እማዬ ገብታለች። ቅቤዬንስ የት አደረስከው?»

«ለማያውቁት ሰው ጋቢ ብለው ጥለውት ሄዱ።»

«ወይ አንተ! የአራስ ቅቤ በላሁ አይባልም መቼስ! እናቴ ናት ቅቤዬን ጥላ…»

«አንቺ ስልኩን ተይ!» የአማቴ ድምፅ ነው። «ወደ አንቺ አዙሪው። ሆዱን ከሆድሽ አገናኚው። አትጎንበሺ፣ እሱን አምጪው። አፉን ሲከፍት…»

ለቅሶው ድንገት ተቆረጠ።

ቅቤውን እንደታቀፍኩ ብድግ አልኩ። «ሃሎ? ሃሎ! ምን ሆነ?»

ከዚያ ከሩቅ፣ ከአልጋው ማዶ የመጣ የሚመስል ሹክሹክታ ሰማሁ። «ያዘ። እማዬ፣ ያዘ!»

ስልኩን ረስተውታል። ሻይ ሻጯ የፊቴን ድንጋጤ አይታ ምን ሆንክ ብላ ጠየቀችኝ። ዝም በይ ብዬ እጄን አወዛወዝኩባት፤ ያች ትንሽ የመዋጥ ድምፅ እንዳታመልጠኝ ነበር። የእህትየው ሂሳብ አልቆ ስልኩ ራሱ እስኪዘጋ ድረስ ከጆሮዬ አላነሣሁትም።