ለአዳራሹ ሣር መላ ፍለጋ ወደ ዛሪማ

ሐሙስ፣ ከአዘዞ

ከአዘዞ የተነሣሁት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የምሠራው በአንድ የሰርግ አዳራሽ ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ ሣሩን ዘጠኝ ዓመት ተንከባክቤዋለሁ። ዘንድሮ የቧንቧው ውኃ በሳምንት አንዴ ብቻ ሲመጣ፣ ከሮቶው እየሳብኩ በጎማ አጠጣ ጀመር። ጀሪካን ይዘው በራችን ላይ የሚቆሙ ጎረቤቶች፣ ሣሩ ሲጠጣ እያዩ ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ አቶ መላኩ፣ "እስከ ሰኞ መላ ካላመጣሽ ሲሚንቶ አስደፋበታለሁ" አሉኝ። ዛሪማ ላይ በጥቂት ውኃ ጓሮ የሚያለሙ ሽማግሌ እንዳሉ ከአንድ ሾፌር ሰምቼ ነበርና ቦርሳዬን አነገትኩ።

ከዳባት ወዲያ ገብሱ ታጭዶ፣ ማሳው ሁሉ ቢጫ ነበር። ደባርቅ ላይ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በልቼ ሌላ መኪና ተሳፈርኩ። ሊማሊሞን ስንወርድ ሾፌሩ በየኩርባው ጥሩንባ ይነፋል። የደጋው ብርድ ወደ ቆላ ሙቀት ሲለወጥ ሹራቤን አወለቅኩ።

ዓርብ፣ ዛሪማ

ሾፌሩ የነገረኝ ሽማግሌ፣ አያ ደሴ፣ ጓሯቸው ውስጥ ሎሚና ፓፓያ አላቸው። በየዛፉ ሥር አፉ ብቻ የሚታይ እንስራ ተቀብሯል፤ ዙሪያው ጭድ ተጎዝጉዟል።

"ውኃው በሸክላው እየላበ ሥሩን ያጠጣል። በአራት ቀን አንዴ እሞላዋለሁ" አሉኝ።

"ለሣርስ ይሆናል፣ አያ?"

"ስንት ነው ሣርሽ?"

"ሁለት የመረብ ኳስ ሜዳ ይሆናል።"

"ማን ይበላዋል?"

"ማንም። ለዓይን ነው።"

ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ኮስተር ብለው፣ "ሸክላው ለዛፍ እንጂ ለሣር አይሆንም። ሰው የሚቀመጥበትን ያህል ሣር አስቀሪ። በቀረው ላይ ውኃ የማይለምን ዛፍ ትከይ" አሉኝ።

ከፋኝ። የመጣሁት ሁሉንም ላድን ነበር።

"ምነው ተቆጣሽ? ካጠጣሽ በኋላ አፈሩን ቆፍረሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም ነበር። ቀትር ላይ አንድ ጣሳ ውኃ ባዶ መሬት ላይ ደፉና ቆየት ብለው ቆፈሩ። የረጠበው የአንድ ጣት አንጓ ያህል ብቻ ነበር። እንስራው አጠገብ ግን እጄን እስከ ክርኔ ብሰድም እርጥብ ነው። ዘጠኝ ዓመት በጠራራ ፀሐይ የረጨሁት ውኃ ታወሰኝና አፈርኩ።

"ሸጋ ነው፤ ማፈር ከጀመርሽ ትማሪያለሽ" አሉ አያ ደሴ።

ከቅዳሜ ወዲህ፣ አዘዞ

ቅዳሜ ማታ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ጠዋት አቶ መላኩ ሲመጡ፣ ከሣሩ ከግማሽ በላዩን በገዛ እጄ ነቅዬ አገኙኝ።

"አብደሻል እንዴ?"

"እስከ ክረምት ጊዜ ይስጡኝ። ካልሆነ ሲሚንቶውን ራሴ አቦካለሁ።"

ሰጡኝ። አሁን ሣሩ ከአዳራሹ ደጅ ፊት ብቻ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በደንብ እስኪጠግብ ይጠጣል። በቀረው ቦታ ወይራ፣ ክትክታና እሬት ተክያለሁ። ለወይራዎቹ እንስራ ቀብሬላቸዋለሁ። የሮቶው ውኃ ስለሚተርፍ በሩ ለጎረቤት ተከፍቷል። የተነቀለው ሣር ዛሬም ያሳዝነኛል፤ መልሼ ግን አልተክለውም። ጎማውን ከመክፈቴ በፊት ሁልጊዜ አፈሩን ጫር አደርጋለሁ። ጣቴ እርጥበት ካገኘ ጎማውን ጠቅልዬ ወደ ሌላ ሥራዬ እሄዳለሁ።