«በገዛ ፈቃዱ» ብዬ የጻፍኩለት ሾፌር

ጦሩ ድንበር ተሻግሮ ሶማሊያ ሊገባ ነው በተባለ ሰሞን ጅግጅጋ ውስጥ እንደ እኔ ሥራ የበዛበት ሰው አልነበረም። የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። የከተማው ነጋዴ አማርኛ ሲናገር ማንም አይችለውም፤ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን መምህሩን ፍለጋ ይመጣል። ከክፍል ስመለስ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው በሬ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

ሬዲዮው ስለ ሽብርተኛና ስለ ጎረቤት ሰላም ያወራል። እኔ ዘንድ የሚመጡት ሰዎች ወሬ ሌላ ነው። አንዱ ለጦሩ ውሃ ማቅረብ ይፈልጋል። ሌላው በድንበሯ ከተማ በቶጎጫሌ የሚነግድ ተቀናቃኙን ከመንገድ የሚያስወጣለት ፈቃድ ይሻል። አንድ የቢሮ ኃላፊም ዘመቻውን የሚያወድስ ንግግር አስጻፈኝ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡት አለቆቹ ሰምተውት ወንበሩ እንዲጸናለት። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም። እኔም የሁሉንም ጉዳይ «ለአካባቢው ሰላም ካለኝ ጽኑ እምነት የተነሳ» ብዬ እየጀመርኩ አሳመርኩላቸው። ያኔ በብዕሬ እኮራ ነበር፤ አሁን አፍርበታለሁ።

አከራዬ ሐጂ ሁለት የጭነት መኪና ነበራቸው፤ ለጦሩ ስንቅ ማመላለስ ፈለጉ። ሾፌራቸው የእህታቸው ልጅ ነው፤ ከሀርሺን ገበያ ከብት ሲያመላልስ የኖረ፣ ባለትዳር፣ ዝምተኛ ሰው። ማመልከቻውን ስጨርስ መደምደሚያው ሳሳብኝና ከራሴ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ አሽከርካሪያችን ድንበር ተሻግሮ ለማገልገል በገዛ ፈቃዱ ቆርጦ ተነስቷል አልኩ። ሳነብላቸው ሐጂ ደስ አላቸው። ሾፌሩን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሥራው ተፈቀደ። ሾፌሩ ይህን እንደሰማ እኔ ዘንድ መጣ። የሚስቱ ወንድሞች ጦሩ ከሚዘምትባቸው ሰዎች ጋር ናቸው፤ በእነሱ ላይ ስንቅ ጭኜ አልሄድም፣ እንዲተውኝ ጻፍልኝ አለ። ጻፍኩለት። ወረቀቱን ይዞ ሥራውን የፈቀደው ቢሮ ሲገባ ኃላፊው የመጀመሪያውን ማመልከቻ አውጥቶ አሳየው። ወዶ የተነሳ ሰው አሁን ለምን ያፈገፍጋል፣ የማን ወገን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀው። በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ እስር ቤት ያደርሳል። ተመልሶ መጥቶ የሆነውን ነገረኝ፤ አልተቆጣኝም። በሳምንቱ ሄደ። ድንበር ማዶ፣ መንገድ ላይ የተቀበረ ፈንጂ መኪናውን ከነእሱ በላው።

ለቅሶ ስደርስ ሚስቱ ወደ ጥግ ጠራችኝ። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ቀስ ብላ ተናገረች።

«መምህር፣ ቢሮ ወረቀቱን አነበቡልኝ። ወዶ ነው የሄደው ይላል። እኔን እንደዚያ አላለኝም። ለአንተ ነግሮህ ነው የጻፍከው?»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ሐጂ ቆመዋል፤ ቢሮውም የጻፍኩትን ያውቃል፤ ፈራሁ።

«አዎ፣ ነግሮኛል» አልኳት።

ባሏ ወንድሞቿ ላይ ወዶ የዘመተ መሆኑን አምና ወደ ውስጥ ገባች።