ቅዳሜ የምንሠራራው ፀጉር

ከጎረቤቴ ጋር የምንጋራው አጥር የቀርከሃ ነው። መሐሉ ላይ አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት አለ። ማን እንደከፈተው አይታወቅም፤ እሷም እኔ ነኝ አትልም፣ እኔም አልልም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበያው ሲበተን፣ ሚዶዬን ይዤ በዚያ ክፍተት አልፍና እሷ ግቢ ካለው ማንጎ ሥር እቀመጣለሁ። አንድ ቅዳሜ እሷ እኔን ትሠራኛለች፣ በሚቀጥለው እኔ እሷን። እንዲህ እየተሠራራን ልጆች አሳደግን።

እሷ በርታ ናት፣ የአገሩ ባለቤት። እኔ የሰፈራ ልጅ ነኝ፤ እናትና አባቴ ከወሎ ሲመጡ በጀርባ ታዝዬ ነው አሶሳ የገባሁት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። እሷ ኡኽቲ ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው። አማርኛዋ ውስጥ አንቺ የሚባል ነገር የለም፤ ሴቱም ወንዱም ዶሮውም አንተ ነው። እኔን ስትቆጣ ባሏ ከቤት ውስጥ «አቤት» ይላል፤ እሱን ስትጠራ ደግሞ እኔ ብድግ እላለሁ።

እኔ የማውቀው የእናቴን ወፍራም ሹሩባ ነው። እሷ የምታውቀው እንደ ክር የቀጠነውን፣ ሱዳኖች የሚሠሩትን። ስለዚህ ከተማው ውስጥ እሷ እንደ ወሎዬ፣ እኔ እንደ በርታ ተሠርተን ነበር የምንዞረው። የማያውቀን ሰው በበርታ ቋንቋ ሰላም ሲለኝ እሷ በሳቅ ትፈርሳለች።

ባሌ ከሞተ፣ ልጄም ግልገል በለስ ከተዳረች ወዲህ የሰው እጅ የሚነካኝ በዚያ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ይህን ያወቅሁት ግን ከቀረ በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው እትዬ ልጇን ስትድር ነው። ሙሽራዋ ሂና በምትቀባበት ቀን እኔም እንደ ቤተ ዘመድ ተቀምጬ እጄን ተቀባሁ። በእኛ እናቶች እንሶስላ ነው የሚሞቀው፤ ሂናው ግን ከዚያ ይደምቃል። እጃችን ሲያበቃ እትዬ ፀጉሬን ፈትታ አየችና ሽበትህ በዛ አለችኝ። ሂናው ብቻውን ቀይ ያወጣል፤ ቀይ ራስ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ መሳቂያ እሆናለሁ አልኳት። ስለዚህ ለራሷ እንደምታደርገው ከገበያ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ጥቁር ዱቄት ሂናው ላይ ጨመረችበት። ሴቶቹ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያጠቁሩት። ከዚያ በፊትም አንዴ ለፋሲካ ቀብታኝ ምንም አልሆንኩም ነበር።

ጠቆርኩ። አማረብኝ። ማታውን ግን ጆሮዬ ሥር መብላት ጀመረኝ፤ ሲነጋ ግንባሬ አብጦ ዓይኔ ጠብቦ ነበር። የሠርግ ቤት አቧራና ጭስ ነው ብዬ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤ ወጥ ማማሰሌን ቀጠልኩ። እብጠቱ ጠፋ፣ ማሳከኩ ግን ራሴ ላይ ቀረ። አከዋለሁ፣ ይቆስላል፣ ይደርቃል፣ እንደገና አከዋለሁ።

ከዚያ የማንጎው ወቅት መጣ። አሶሳን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ማንጎ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ ድንጋይ የተወረወረ ይመስላል፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለለመድነው ግን የሚደነግጥ የለም። በዚያው ሰሞን ፀጉሬ በማበጠሪያ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ጥቂት ነው፤ ቀጥሎ ጭብጥ ሞላ፤ ቀጥሎ ከጆሮዬ በላይ ሁለት ቦታ ገላጣ ሆነ። ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጠኝ ሴትዮ ሻሼ ሸርተት ሲል አይታኝ አለርጂክ ነው አለችኝ፤ እህቷን እንዲሁ አድርጓት ነበር። እንቁላል ተዪ፣ ቲማቲም ተዪ፣ ከሁሉም በላይ ማንጎ ተዪ። ማንበብ ራሴን በራሴ ስላስተማርኩ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ስልኬ ላይ ስለ አለርጂክ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ያልተጻፈ ምግብ የለም። መጨረሻ ላይ ጨውና ሽሮ ይዤ ቀረሁ።

እትዬ በየዓመቱ የመጀመሪያውን ማንጎ በሳህን አድርጋ በክፍተቱ ታቀብለኛለች። ዘንድሮ አልበላም አልኳት። ሳህኑን እንደሞላ ይዛው ተመለሰች። ቅዳሜ ስትጠራኝ ራሴን አሞኛል አልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ አልኩ፤ ማን እንግዳ እንደሚመጣብኝ እሷ አሳምራ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ አልጠራችኝም።

ለምን አላሳየኋትም? አፍሬ ነው። የማንንም ፊት ሳላይ ጀርባዬን ሰጥቼ የምቀመጠው እሷ ጋ ብቻ ነው፤ ጣቶቿ ፀጉር ፈልገው ባዶ ቆዳ ሲያገኙ ማሰብ አልቻልኩም። ልጄ ስትደውል «እማዬ፣ ፎቶ ላኪልኝ» ትላለች፤ የስልኩ ካሜራ ተበላሽቷል እላታለሁ። መንገዱ አስተማማኝ ስላልነበረ ልትመጣ አትችልም። በዚህ ደስ ያለኝ ጊዜ ነበር፤ እናት በዚህ ደስ ይላታል?

እነዚያ ቅዳሜዎች ረጅም ነበሩ። ከአጥሩ ወዲያ የእሷን ጫማ ድምፅ እሰማለሁ፤ እሷም የእኔን ባልዲ ትሰማለች። አገሩ ላይ ያን ሁሉ ግጭት ካየን ወዲህ ሰው ከሰው መራቅ ሲጀምር፣ የሰፈራ ልጅ ከበርታ ቤት እግሯን ስትሰበስብ፣ ሰው የሚያስበው ስለ ፀጉር አይደለም። እኔ አላስተዋልኩም። አንድ ቀን ግን የውሃ ቧንቧው ጋ ተገናኘንና ጄሪካኗን ሳትሞላ አስቀምጣ፣

«ኡኽቲ» አለችኝ፣ «ማንጎ ጠላህ። ቅዳሜ ጠላህ። እኔንም ጠላህ?»

ኧረ እትዬ፣ አልኩና ሻሼን ጠበቅ አደረግሁ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ያዩናል። እሷ ጄሪካኗን ባዶውን ይዛ ሄደች።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። የቆዳ ክፍሏ ሐኪም ልጄን የምታክል ናት። ሻሼን ፈትታ በመብራት አየችና ስለ ማንጎ የማወራውን እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ራስዎን ምን ቀብተውታል አለችኝ። ሂና ስላት ከምን ጋር ተቀላቅሎ አለች። ዱቄቱን ነገርኳት፤ የፊቴንም እብጠት። እንዲህ ያለው ቀለም መጀመሪያ ሲነካ ሰውነት ዝም ሊል፣ ሁለተኛ ሲነካው ሊቆጣ እንደሚችል ነገረችኝ። ቆዳው ሲቆጣና ሲታከክ ሥሩ ይደክማል፣ ፀጉርም ሊረግፍ ይችላል። ሊረግፍ ይችላል ነው ያለችው፤ በእርግጠኝነት አላለችም። ደም ማነስም፣ እንቅርትም፣ ሐዘንም ፀጉር ያረግፋል ብላ ደሜን አስመረመረችው። ደሜ ደህና ነበር።

«ታዲያ ይኸው ነው በይኛ፣ ልጄ» አልኳት።

«ይመስለኛል፣ እናቴ። ግን አልምልልዎትም። ያን ዱቄት ዳግመኛ አያስነኩት፤ ቅባቱን ይቀቡና እንይ። ማንጎዎን ይብሉ።»

ባጃጅ ውስጥ ስስቅ ሾፌሩ ዞሮ አየኝ። ቤቴ በር ስደርስ ግን ሳቁ አለቀ። ለእትዬ ካልነገርኳት እንደጠላኋት ይቀራል። ከነገርኳት ደግሞ ያ ዱቄት በእሷ እጅ፣ በልጇ ሠርግ፣ በፍቅር ነው የተቀባው። የቱን ይዤ ነው የምገባው?

ቅዳሜ ከሰዓት ሚዶዬን ይዤ በክፍተቱ አለፍኩ። ማንጎው ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ባምያ ትቆርጣለች። ምንም ሳልናገር ቦታዬ ላይ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩና ሻሼን አወለቅሁ። የቢላዋው ድምፅ ቆመ። ፊቷን አላይም፤ እንዳላይም ነው እንዲያ የተቀመጥኩት። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ይመስለኛል ነው የምትለው እንጂ አልማለችም እያልኩ ሐኪሟን ደጋግሜ ጠቀስኩ።

«ሰው ጠላኝ ብዬ ነበር» አለች። «ፀጉር ነው?»

«ፀጉር ነው፣ እትዬ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ቀጥሎ ድምፅዋ ወረደ። «በእኔ እጅ።»

አይደለም፣ ዱቄቱ ነው፤ ጥቁር ይሁንልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ሁሉ አልኳት። ተነሥታ ገባችና የቀረውን ዱቄት በወረቀቱ አምጥታ ሽንት ቤት ጣለችው። ከዚያ ትልቁን ማንጎ መርጣ ላጠችልኝ፤ ጭማቂው እስከ ክንዴ እየወረደ በላሁ።

ፀጉሬ ተመልሷል። መጀመሪያ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስላሳ ነበር፣ አሁን ለሹሩባ ይበቃል፤ ገላጣ የነበረው ቦታ ላይ ነጭ ሆኖ ነው የወጣው። ለልጄም ፎቶ ልኬላታለሁ። ቅዳሜም አልቀረም፤ ግን አሁን እየሠራሁ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። እትዬ ከፊቴ ትቀመጣለች፣ እኔ ወፍራሙን የወሎ ሹሩባ እሠራታለሁ። ተራዬ ሲደርስና ጀርባዬን ስሰጣት፣ «ይቅር፣ ኡኽቲ» ትላለች፤ ዓይኗ ደከመ፣ ጣቷ ታመመ፣ ልትሰግድ ነው። እጇን በተጠቀለለችበት ልብስ፣ በቶቧ ውስጥ ትከተዋለች። በዚያው ዓይንና በዚያው ጣት የልጅ ልጇን ራስ እንደ ክር አድርጋ ስትሠራ በክፍተቱ አይቻለሁ።

ስለዚህ በመስታወት ራሴን በራሴ እሠራለሁ። ከፊት ደህና ነው፤ የኋላው ይጣመማል፤ ማንም አያይልኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ንፋስ ነበር። ሠርቻት ጨርሼ ሚዶዬን ሳራግፍ አንድ ደረቅ የማንጎ ቅጠል ራሴ ላይ ወደቀ። እኔ እጄን ሳነሣ እሷ ቀደመችኝ፤ በሁለት ጣቷ አነሣችው። ቅጠሉን ከጣለች በኋላ ጣቶቿ እዚያው፣ ነጩ ፀጉር ላይ፣ ጥቂት ቆዩ። ጠማማውን መስመር አገኙት መሰለኝ። እንዳትደነግጥ ብዬ አልተነቃነቅሁም። ከዚያ እጇን መልሳ ቶቧ ውስጥ ከተተች፤ እኔም ሚዶዬን ይዤ በክፍተቱ በኩል ወደ ቤቴ ገባሁ።