አልጋነሽ ያላየችው

አልጋነሽ ከኡራኤል ቤተክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምራለች፤ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት በምክትል ርዕሰ መምህርነት ጭምር። ካዛንቺስ ፈርሶ ሰው ወደየአቅጣጫው ሲበተን እንኳ «እሷ አለች» ብለው ልጆቻቸውን እዚያው የተዉ ወላጆች ነበሩ። ቃሏ ይታመናል። እሷም መታመኗን ታውቅ ነበር፤ ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ኅዳር ውስጥ አንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ የሒሳብ መምህሩ የሚልዮን ስልክ ከመምህራን ክፍል ጠፋ። ጥቂት ቀደም ብሎ ረውዳ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከዚያ ክፍል ስትወጣ አልጋነሽ አይታታለች፤ ደብተር አስረክባ ነበር የወጣችው። ቦርሳዋ ተፈተሸ፤ ምንም አልተገኘም። አልጋነሽ ግን ፖሊስ አስጠራች።

«ስትወስድ ያያት አለ?» ሲል ጠየቀ የመጣው ፖሊስ።

 ሚልዮን ወደ አልጋነሽ ዞረ። ፖሊሱን ያስጠራችው እሷ፣ ሰው የተሰበሰበው በእሷ ቢሮ፤ አሁን ምን ብላ «አላየሁም» ትበል?

«እኔ አይቻታለሁ» አለች።

ረውዳ ቀና ብላ አየቻት። «ቲቸር፣ እርስዎ? ስወስድ አይተውኛል?»

«ዝም በይ!» አለቻት አልጋነሽ።

ፖሊሱ የልጅቷን ዕድሜ ጠየቀ። ረውዳ መለሎ ናት። አልጋነሽ መዝገብ ሳትገልጥ «አስራ ስድስት» አለችና የተጻፈው ቃል ላይ ፈረመች፤ ፖሊሱም ረውዳን ወደ ጣቢያ ይዟት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የረውዳ አባት ኑሪ መጣ። ስታዲየም አካባቢ ጫማ የሚሸጥ፣ ድምፁ ዝግ ያለ የስልጤ ሰው ነው። አልጋነሽ ለጠብ የመጣ መስሏት መልሷን አዘጋጅታ ጠበቀችው። እሱ ግን በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ከጣቢያ ነው የመጣሁት» አለ። «አልወሰድኩም ብላ ታለቅሳለች። ቲቸር አልጋነሽ አየሁ ካሉ አይተዋል አልኩና በጥፊ መታኋት። ሰው ፊት ነው የመታኋት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ነኝ በወጉ ያላሳደግኳት።»

«ይቀመጡ» ብላ ወንበር ሳበችለት። እሱ እንደቆመ ደጋግሞ ይቅርታ ጠይቋት ወደ ጣቢያው ተመለሰ። እሷ በሩን ዘጋች።

ጥቂት ቆይቶ በሩን ያንኳኳችው ሀዊ የምትባል ወጣት ጠበቃ ነበረች። ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሰዎች በነፃ ትቆማለች። አንዲት ሴት ፖሊስ የልጅቷን ፊት አይታ ዕድሜዋን ተጠራጥራ ነው የደወለችላት።

«የረውዳን የልደት ሰርተፍኬት ፈልጌ ነበር፣ ቲቸር።»

አልጋነሽ ፋይሉን አወጣች። አስራ አራት ዓመት ከሦስት ወር።

«አስራ አምስት ያልሞላት ልጅ ወዲያው ፍርድ ቤት ነው የምትቀርበው» አለች ሀዊ። «ከአዋቂዎች ጋርም አትታሰርም። አሁን ያለችው ግን ከሦስት ትልልቅ ሴቶች ጋር ነው። ዝም የማለት መብት እንዳላትም የነገራት የለም።»

አልጋነሽ ስለ ተያዙ ሰዎች መብት የሚናገረውን አንቀጽ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፈችው ቁጥሩን አታውቀውም። ተማሪዎቿን በቃላቸው አስጠንታቸዋለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ሀዊ። «ስልኩን ስታነሳ አይተዋታል? ወይስ ከበሩ ስትወጣ ነው ያዩዋት?»

«ስትወጣ።»

ሀዊ አልተቆጣቻትም። «ቃልዎን ማስተካከል ይችላሉ። እኔ ግን ልናገርልዎት አልችልም።»

ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ነጠላዋን አንስታ ተከተለቻት። በመንገድ ላይ የሚያውቋት ሁሉ ጎንበስ እያሉ ሰላም ሲሏት፣ አጸፋውን መመለስ ማጭበርበር መሰላት።

ጣቢያው ውስጥ ኑሪ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሲያያት በአክብሮት ብድግ አለ። እዚያው፣ እሱ እየሰማ፣ መናገር ነበረባት።

«ስትወስድ አላየሁም። ዕድሜዋንም ሳላጣራ ነው የተናገርኩት።»

«ታዲያ ለምን ፈረሙ?» አለ ፖሊሱ።

«አላየሁም ማለት አፍሬ።»

ኑሪ ተመልሶ ተቀመጠ።  ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ መዳፉን ብቻ ያይ ነበር።

ረውዳ በዚያው ቀን ቢሮ ሳይዘጋ ዳኛ ፊት ቀርባ ለአባቷ ተሰጠች። ኋላም ማስረጃ የለም ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። ስልኩ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ማን እንደወሰደውም አልታወቀም። አልጋነሽ ከምክትልነቷ ተነሳች፤ አልተከራከረችም። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት የዋሸችውን ልትናገር ስትነሳ፣ ሚልዮን «በቃ ተይው፣ ምን ያደርጋል» ብሎ ክንዷን ያዛት። አስለቅቃው ወጣችና ተናገረች።

ረውዳ በሳምንቱ መጣች። አልጋነሽ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«በድዬሻለሁ፣ ልጄ።»

«ሰልፍ ላይ ያሉትን ነግረውኛል፣ ቲቸር» አለች ረውዳ መሬት መሬት እያየች። «ግን አባቴ... ማለቴ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኔን አያየኝም። እራት ስንበላ እንኳን ዞሮ ነው የሚቀመጠው። እሱን ምን ልበለው?»

 በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አልጋነሽ ስታዲየም ድረስ ሄዳ፣ ከኑሪ ሱቅ ማዶ ቆማ፣ ጥፊው የእሱ ሳይሆን የእሷ እንደሆነ እንዴት ብላ እንደምትነግረው ቃል ስትፈልግ ቆየች። ከዚያ መንገዱን ተሻገረች።